«አስገድደህ አስገባው» ለሚለው ምክር የተሰጠ መልስ

ባለፈው ወር በዚሁ ጋዜጣችን ላይ አንድ ወንድማችን ስለ ሊነክስ ሲጽፍ፣ ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ላይቭ ኢሜጅ በምናዘጋጅበት ጊዜ ጥቅሎች እርስ በርሳቸው ቢጋጩ፣ «ጊዜህን አታጥፋ፤ አስገድደህ አስገባው፤ ከሠራ ሠራ ነው» የሚል ምክር ሰጥቷል። ወንድማችን በቅን አሳብ እንደ ጻፈው አልጠራጠርም። አጻጻፉም የሚጥም ስለ ነበረ በካፌው ውስጥ ሲነበብ ሰምቼ አብሬ ስቄአለሁ። ዳሩ ግን ምክሩ የተሳሳተ ነው። የተሳሳተ መሆኑንም የማውቀው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም፤ እርሱ አድርጉ የሚለውን ነገር እኔና ሁለት ጓደኞቼ ባለፈው ዓመት አድርገነው፣ ዋጋውን ሌላ ሰው ሲከፍልልን ስላየሁ ነው።

ላይቭ ኢሜጅ ምን እንደ ሆነ ለማያውቁ አንባብያን በአጭሩ ላስረዳ። ሙሉው ሥርዓት፣ ከነፕሮግራሞቹ፣ ተጨምቆ በአንድ ፋይል ውስጥ ይገባና በፍላሽ ላይ ይጫናል። ኮምፒዩተሩ ከፍላሹ ይነሣል፤ በሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውንም ነገር አይነካም። የተጨመቀው ፋይል የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት ስላልሆነ ተጠቃሚው የለወጠው ሁሉ ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ለውጡ እንዲቆይ የፈለገ ሰው ከፍላሹ ላይ ለብቻው አንድ ክፍል ይከልላል። ይህን ዓይነቱን አሠራር በሰፊው ያስተዋወቀው ክላውስ ክኖፐር የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ክኖፒክስ ነው፤ እርሱም የተሠራው ከዴቢያን ነው። እኛም የምንጠቀመው ዴቢያንን ሲሆን፣ ኢሜጁን የሚሠራልን ላይቭ ቢልድ የሚባለው መሣሪያ ነው። የምንፈልጋቸውን ጥቅሎች በዝርዝር ጽፈን እንሰጠዋለን፤ እርሱም ከጎተራው አምጥቶ ይገጣጥማቸዋል።

ይህ ነገር ለምን ያሳስበናል? አንደኛ፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ በዞናችን ውስጥ በዓይኔ ካየኋቸው የትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮች አብዛኞቹ ወደ እርሱ ሊሻገሩ አይችሉም። እነዚህ ማሽኖች ወይ አቧራ ይጠጣሉ፣ ወይ ከየሱቁ በተገለበጠ ቫይረስ ባለበት ዊንዶውስ ይሠራሉ፣ ወይ ደግሞ ሊነክስ ይገባባቸዋል። ሁለተኛ፣ ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1988 ዓ.ም. ሲቋቋም የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነበረ። ከእኛም መካከል ብዙዎቹ ነገ ጠመኔ ይዘው የሚቆሙት በእነዚያው ክፍሎች ውስጥ ነው። ዛሬ በችኰላ ያበላሸነውን ነገ የምንቀበለው እኛው ነን።

አሁን ወደ ግጭቱ እንምጣ። በዴቢያን ዘንድ እያንዳንዱ ጥቅል የራሱን ጠባይ በጽሑፍ ይናገራል። «እገሌ ከሌለ አልሠራም» ይላል፤ ይህ ዲፔንድስ ይባላል። «እገሌ ቢኖር ይሻለኛል» ይላል፤ ሬኮሜንድስ ነው። «የእገሌን ሥራ እኔም እሠራለሁ» ይላል፤ ፕሮቫይድስ ነው። «ከእገሌ ጋር በአንድ ቤት አላድርም» ሲል ደግሞ ኮንፍሊክትስ ነው። ይህን የሚጽፉት ጥቅሉን የሚጠብቁት ሰዎች ናቸው፤ የሚጽፉትም እኛን ለማናደድ አይደለም። የጌዴኦ ገበሬ እንሰቱን፣ ቡናውንና የጥላ ዛፉን በአንድ ማሳ ላይ አስማምቶ ያኖራል፤ ዩኔስኮም በመስከረም 2016 ዓ.ም. ይህን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ይሁን እንጂ ያው ገበሬ ባሕር ዛፉን ከቡናው መካከል ትከል ቢሉት እሺ አይልም። ይህን ሲል ባሕር ዛፉን ጠልቶ ነው የሚለው ማን ነው?

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በእነዚያ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስለ ሞተች ሰዓታቸው በየጠዋቱ ዓመታት ወደ ኋላ ተመልሶ ይነሣል። ኢንተርኔት ስለሌለም የሚያርመው የለም። ስለዚህ መምህሩ የራሳቸውን ማሽን ሰዓት በእጃቸው ሲያስተካክሉ ሌሎቹ ከእርሱ እንዲቀበሉ ብለን ክሮኒ የተባለውን ጥቅል በዝርዝሩ ውስጥ ጻፍን። ከመካከላችን አንዱ ደግሞ ከሌላ ሰው ዝርዝር ሲገለብጥ ሲስተምዲ ታይምሲንክዲን ጨምሮበት ኖሯል። ግንባታው ቆመ። አፕት በእንግሊዝኛ «የተያዙ የተሰበሩ ጥቅሎች አሉህ» የሚል ትርጉም ያለው መልእክት አወጣ። ማንም ምንም አልያዘም፤ ይህ መልእክት ከችግሩ ይልቅ መደናገሩን የሚያበዛ ነው። አንድ ማታ ሙሉ ስንጨቃጨቅ ካመሸን በኋላ ከመልእክቱ በላይ ያሉትን መስመሮች ስናነብ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ሁለቱም የአንዱን ሰዓት መዘውር የሚይዙ ናቸው። አንድ ሰዓት ሁለት ጌታ ሊኖረው ስለማይችል ጠባቂዎቻቸው አንዱ ሲገባ ሌላው እንዲወጣ አድርገው ጽፈዋቸዋል። መድኃኒቱ አንድ መስመር መሰረዝ ነበር። እንደ ወንድማችን ምክር ሁለቱን አስገድደን ብናስገባ ኖሮ ግን፣ ሁለቱም ለአንድ ሰዓት እየተሻሙ፣ ምክንያቱን ሊያውቅ የማይችል አንድ መምህር በየጠዋቱ ባልተጨነቀ ነበር ማለት አይቻልም።

ወደ ጥፋታችን ልመለስ። ትምህርት ቤቱ ከዲላ ወጣ ብሎ በደጋው በኩል የሚገኝ ነው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። አሥራ አራት ኮምፒዩተሮች ነበሩት፤ ከእነርሱም ስድስቱ ከ32 ቢት በላይ የማይችሉ ናቸው። ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው ዴቢያን 13 ለ32 ቢት ፒሲ የሚሆን ከርነልም ሆነ መጫኛ የለውም፤ በዚህ ዕትም ውስጥ የቀሩት የ32 ቢት ጥቅሎች በ64 ቢት ማሽን ላይ የቆዩ ፕሮግራሞችን ለማሠራት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ለአሥራ አራቱም የሚሆን አንድ ኢሜጅ ሰኔ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ከወጣው ከዴቢያን 12 ሠራን። እስከዚህ ድረስ ሥራችን ደኅና ነበር።

መምህሩ የተማሪዎቹን መልመጃ በክፍሉ ገመድ እየሰበሰበ ውጤቱን በአንድ መዝገብ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ጠየቁን። በ12ኛው ዕትም ጎተራ ውስጥ ያለው አሮጌ ስለ ነበረ እርሳቸው የፈለጉት ነገር አልነበረውም፤ በ13ኛው ውስጥ ያለው ግን አለው። እኛም ያንን አንድ ጥቅል ብቻ በእጃችን አውርደን ልናስገባው ሞከርን። ጥቅሉ «ሊብኤስኤስኤል3ቲ64 ከሌለ አልሠራም» አለ። በ12ኛው ያለው ሊብኤስኤስኤል3 ነው። ጓደኛዬ ነገሩን መረመረና፣ «ስሙ ብቻ ነው የተለወጠው፤ በውስጡ ያለው ላይብረሪ አንድ ነው፤ አስገድደው» አለ። ይህን ልብ በሉ፤ ጓደኛዬ ያለው ትክክል ነበር። አስገደድነው። ፕሮግራሙ ተከፈተ። ማኪያቶ ጠጥተን ተለያየን።

በጥር ወር መምህሩ ፕሪንተር አገኙ። የፕሪንተሩን ጥቅል ከዲላ በፍላሽ አስመጥተው ሊጭኑ ሲሉ አፕት እምቢ አለ፤ በቤቱ ውስጥ ያልተሟላ ጥቅል ሳለ ሌላ ጥቅል አያስገባምና። የተሰበረውን የሚጠግን ትእዛዝ ግን ራሱ ጻፈላቸው። እርሳቸውም ማንኛውም አስተዋይ ሰው እንደሚያደርገው ማሽኑ የጻፈውን ጽፈው፣ ሲጠይቃቸው «አዎን» አሉ። አፕት በ12ኛው ጎተራ ውስጥ ሊብኤስኤስኤል3ቲ64 የሚባል ስም ፈልጎ አላገኘም፤ በኢንተርኔትም ቢሆን ኖሮ ባላገኘ ነበር። የቀረው መንገድ አንድ ነው፦ ያን በሽተኛ ፕሮግራም ማውጣት። አወጣው። በማግሥቱ ጠዋት ቡና ለቀማ ላይ ስለ ነበሩ ፈተና ያመለጣቸው ተማሪዎች ለማካካሻው ተሰብስበው መጡ። ፕሮግራሙ የለም። ፈተናው በጠመኔና በወረቀት ሆነ፤ ሁለት ቀንም ፈጀ። ከእነዚያ ልጆች መካከል ሁለት ሰዓት በእግር የሚሄዱ ነበሩ።

ቅዳሜ ሄድን። ውጤቶቹን ወደ ሌላ ፍላሽ ገልብጠን፣ ለውጦች የሚቀመጡበትን ክፍል ስናጠፋ ፕሮግራሙ ተመልሶ መጣ፤ የተጨመቀው ፋይል ምንም አልተነካምና። በሽታውም አብሮት ተመልሶ መጣ። መምህሩ አልተቆጡንም። «ልጆቼ፣ ማሽኑ አድርግ ያለኝን ነው ያደረግሁት» ብቻ አሉን። ቢቆጡን ይሻለኝ ነበር።

የስሙ መለወጥ ምክንያት ምን ነበር? ብዙ ፕሮግራሞች ጊዜን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከ1970 መጀመሪያ ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። ቁጥሩ በ32 ቢት የሚያዝ ከሆነ እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 2038 ይሞላል። በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው፤ ልክ በጥምቀት ጠዋት፣ ታቦታቱ ከውሃው ዳር ባደሩበት ሰዓት መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ያልታረመ ማሽን ወደ 1901 ይመለሳል። ዴቢያን በ13ኛው ዕትም ይህን ለማረም እጅግ ብዙ ላይብረሪዎችን እንደገና ሠራ፤ አሮጌውና አዲሱ በስሕተት እንዳይደባለቁም በስማቸው ላይ «ቲ64» ጨመረ። የ32 ቢት ፒሲ ብቻ የቆዩ ፕሮግራሞች እንዳይበላሹ ሲባል አቆጣጠሩ ሳይለወጥ ቀረ። ጓደኛዬ ትክክል ነበር ያልሁት ስለዚህ ነው። ያው ግዴታ በሌላ ዓይነት የ32 ቢት ማሽን ላይ ቢደረግ ፕሮግራሙን ሊጥለው ይችል ነበር። ለማንኛውም ትክክል መሆኑ ምንም አልጠቀመንም። አፕት የሚያውቀው መዝገቡን እንጂ የጓደኛዬን እውቀት አይደለም፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ደግሞ የነበረው መዝገቡ እንጂ ጓደኛዬ አልነበረም።

ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብን? መጀመሪያ፣ ዕትሙን የሚመርጠው ማሽኑ ነው፤ ምርጫው ከተደረገ በኋላም ሁሉ ነገር ከዚያው ዕትም ይምጣ። ማሽኖቹ 64 ቢት ከሆኑ 13ኛውን ውሰዱ፤ ክርክር የለኝም። በ12ኛው ላይ ሆኖ አዲስ ፕሮግራም የግድ የሚያስፈልግ ሲሆን ባክፖርትስ የሚባለውን ጎተራ መመልከት ይገባል፤ በዚያ ያሉት ከሚቀጥለው ዕትም ተወስደው ለ12ኛው እንደገና የተሠሩ ናቸው። በዚያ ከሌለ የፕሮግራሙን ምንጭ አውርዶ በ12ኛው ውስጥ እንደገና ጥቅል ማድረግ ነው። ይህን ሁለተኛውን ከጥፋታችን በኋላ አደረግነው። ከሰዓት በኋላ ጀምረን እራት ሳይደርስ ጨረስን። አዲሱ ጥቅል ማንም ሳይነግረው ሊብኤስኤስኤል3ን ጠየቀ፤ አፕትም ዝም አለ።

የ13ኛውን ጎተራ በ12ኛው ላይ መጨመርስ? ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ነው። ሁለት ጎተራዎች ያለ ማስጠንቀቂያ ሲጻፉለት አፕት ለሁለቱም እኩል 500 ማዕረግ ይሰጣቸዋል፤ ማዕረጉ እኩል ሲሆን ደግሞ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ጥቅል ያሸንፋል። አንድ ፕሮግራም ብቻ የፈለገ ሰው ሳያውቀው የሥርዓቱን እኩሌታ ወደ 13ኛው ያዛውራል። በ12ኛው ያለው ዋናው የሲ ላይብረሪ 2.36 ነው፤ በ13ኛው 2.41 ነው፤ እርሱ ከተነቃነቀ በርሱ ላይ የቆመው ሁሉ ይነቃነቃል። ዴቢያኖች ራሳቸው እንዲህ ያለውን ቅልቅል ፍራንከንዴቢያን እያሉ ይቀልዱበታል። ጎተራውን መጨመር የግድ ከሆነ በምርጫ ፋይሉ ላይ ማዕረጉን ከ500 በታች ዝቅ አድርጎ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ በስም የጠራነው ብቻ ከዚያ ይመጣል፤ የሚጎትተው ዘመድ ብዙ ከሆነም አስቀድመን እናያለን።

አፕትን ብቻ መውቀስም አይገባም። የትኛው ጥቅል ከየትኛው ጋር ይግባ የሚለው ጥያቄ በጠቅላላው ሲታይ ሒሳብ ዐዋቂዎች ኤንፒ ምሉዕ ከሚሉት ከከባዶቹ ወገን ነው። አንዱን ስትመርጥ ሌላው ይከተላል፣ ያም ሌላውን ያስወጣል። ስለዚህ መሣሪያው አንዳንድ ጊዜ ተስፋ ይቆርጣል፤ አንዳንድ ጊዜም እኛ ከቶ የማንመርጠውን መንገድ ይመርጣል። የሚያስፈራው ይህ ሁለተኛው ነው። ተስፋ የቆረጠ ግንባታ ይቆምና እናየዋለን። በጸጥታ አንድ ነገር አውጥቶ የጨረሰ ግንባታ ግን «ተሳካ» ይላል፤ እኛም እናምነዋለን። ከመገንባት በፊት ዝርዝሩን በማስመሰል ትእዛዝ አሳልፎ «የሚወጡ» ከሚለው መስመር በታች ያሉትን ስሞች አንድ በአንድ ማንበብ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አፕቲቱድ በሚባለው መሣሪያ ውስጥ ደግሞ «ዋይ ኖት» የሚል ትእዛዝ አለ፤ እገሌ ለምን አይገባም ብለው ሲጠይቁት የክርክሩን ሰንሰለት ከነምክንያቱ ያወጣዋል። በዚህ ግቢ ውስጥ ካሉት ሊነክስ ዐዋቂ ነን ባዮች ስንቶቻችን ተጠቅመንበታል? እኔ እስከዚያ ጥር ድረስ ስሙንም አልሰማሁም ነበር።

የአማርኛችንም ነገር በዚሁ ይነሣል። የፊደላችን ቦታ በዩኒኮድ ውስጥ ከተመዘገበ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ነው፤ አቢሲኒካ የተባለው ፊደልም በዴቢያን ጎተራ ውስጥ አለ። እኛ ግን ኢሜጁ እንዲያንስ ብለን «ቢኖር ይሻለኛል» የተባሉትን ሬኮሜንድስ በሙሉ ዘጋናቸው። መጠኑ በእርግጥ ቀነሰ። በአንዳንዱ ፕሮግራም ውስጥ ግን አማርኛ መጻፍ አልሆን አለ። የጽሕፈት መሣሪያው ገብቷል፤ ከፕሮግራሞቹ ጋር የሚያገናኙት ትንንሽ ጥቅሎች ቀርተዋል። ይህ ግጭት አይደለም፤ ማንም አልጮኸም፤ ስለዚህም ያወቅነው ዘግይተን ነው። ቦታ ለመቆጠብ የፈለገ ሰው ሬኮሜንድስን ይዝጋ፤ ግን የሚያስፈልጉትን በስማቸው መልሶ ይጻፋቸው።

ወንድማችን ለዚህ ሁሉ የሚመልሰውን ዐውቃለሁ። «ኢንተርኔቱ ውድ ነው፤ አንድ ግንባታ በተበላሸ ቁጥር ያን ሁሉ ጊጋባይት እንደገና ማውረድ ማን ይችላል?» ይለኛል። በዚህ ላይ እውነቱን ነው፤ ብዙዎቻችንን ወደ ማስገደድ የሚገፋን ስንፍና ሳይሆን የካርድ ዋጋ ነው። ግን መድኃኒት የሌለው ችግር አይደለም። አፕት ካቸር የሚባለው ፕሮግራም አንድ ጊዜ የወረደውን ጥቅል ይዞ ያቆያል፤ ሁለተኛው ሰው ሲጠይቅ ከዚያው ይሰጠዋል። ለዚህ አንድ የተጣለ ኮምፒዩተርና አንድ ሃርድ ዲስክ ይበቃል። የተማሪዎች ኅብረት ጽሕፈት ቤት ጥግ ላይ ቢቀመጥ የሚይዘው ቦታ ከአንድ ወንበር አይበልጥም። ኅብረቱ ለኳስ ግጥሚያ ማልያ መግዛቱን አልነቅፍም፤ እኔም ለብሼዋለሁ። ግን ከማልያው በኋላ የሚተርፍ ገንዘብ ካለ ለዲስኩ ይሁን ብዬ በስብሰባ እጄን አወጣለሁ።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ለአንድ ሌላ ትምህርት ቤት ኢሜጅ ሠርተው ነበር። ኢሜጁ አለ፤ ሠሪዎቹ ተመርቀው ሄደዋል። በውስጡ ምን እንደ ገባ፣ ምን እንደ ተገደደ፣ ከየትኛው ጎተራ በየትኛው ቀን እንደ መጣ የሚያውቅ የለም። አንድ ፕሮግራም ለመጨመር ስንሞክር ሌላው ይወድቃል። ጠላው አለ፤ ጠማቂዋ ግን አዘገጃጀቷን ይዛ ሄዳለች። ለትምህርት ቤቱ ከኢሜጁ ጋር አዘገጃጀቱም ይሰጥ። ይኸውም የጥቅሎቹ ዝርዝር፣ የጎተራዎቹ ስም፣ የምርጫ ፋይሉ፣ እያንዳንዱ ያልተለመደ መስመር ለምን እንደ ተጻፈ የሚናገር አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። የግንባታው ቀንም ይጻፍ፤ ዴቢያን ጎተራው በየዕለቱ የነበረበትን መልክ ስናፕሾት በሚባለው መዝገብ ስለሚያስቀምጥ፣ ቀኑን የያዘ ሰው ያንኑ ኢሜጅ ከዓመታት በኋላም ሊሠራው ይችላል።

እኛ የአዲሱን ኢሜጅ ዝርዝር በአንድ ገጽ ተኩል አትመን በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ላይ ለጥፈነዋል። የክሮኒ መስመር ከነምክንያቱ አለበት። በግድ የገባ ጥቅል የለም። ወደ ደጋው የምንሄደው በሚመጣው ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ ስለ ሆነ፣ ስሕተት ያገኘ ሰው፣ ያ ወንድማችንም ጭምር፣ ከዚያ በፊት በእርሳስ ያርመው።